ሞቆ የማያውቀው እግሬ የሞቀ ጊዜ

ግራ እግሬ ቀዝቃዛ ነው። ይህን ካላወቃችሁ የቀረውን ታሪኬን አትረዱትምና አስቀድሜ ልንገራችሁ። በሦስት ዓመቴ ድሬዳዋ ላይ ፖሊዮ ያዘኝ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ እኔ አደግሁ፣ ግራ እግሬ ግን አብሮኝ አላደገም። ቀጭን ነው፤ ከቀኙ ያጥራል፤ ጉልበቱ ላይ የሚታሰር ብረት ካላደረግሁለት አይቆምም። ስሜት ግን አለው፤ ዝንብ ስታርፍበት አውቃለሁ። ጅቡቲ ሐምሌ ላይ፣ ያ የበረሃ ነፋስ አሸዋ ይዞ መጥቶ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲተነፍስ፣ እጄን ግራ ባቴ ላይ ባሳርፍ እንደ እንስራ ቀዝቃዛ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር።

የምጽፈው በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ለሚያረግዙ እህቶቼ ነው። ባሎቻቸውም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ሐኪሞች ቢያነቡት ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። ከሞት የተረፍሁት በጥቂት ሰዎች ደግነትና በራሴ ግትርነት ነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ እስካሁን አላውቅም።

ስሜ መሠረት ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወደዚህ አገር፣ ወደ ጅቡቲ፣ የሚመጡት አብዛኞቹ የአገሬ ልጆች ሰው ቤት ይቀጠራሉ። እኔን ክራንቼን እያየ ማን ይቀጥረኛል? ስለዚህ ሙያዬን ይዤ መጣሁ። አርሂባ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ወደቡ አጠገብ፣ ምድር ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ የስፌት መኪናዬን በሩ ሥር አስቀመጥሁ። የዚህ አገር ሴቶች የሚለብሱትን ሰፊና ስስ ቀሚስ፣ ድሪዕ የሚሉትን፣ እሰፋለሁ። መስከረም ሲቃረብ ደግሞ የተማሪ ልብስ። ባለቤቴ ደረጀ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የተዋወቅነው የጃኬቱን ዚፕ ላስቀይር ብሎ መጥቶ ነው። በማግሥቱ ምንም ያልሆነ ሌላ ዚፕ ይዞ ተመለሰ፤ በዚያ ገባኝ።

ያረገዝሁ ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደስታችንን የምናስቀምጥበት አጥተን ነበር። አራተኛው ወር ላይ በአቅራቢያችን ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ መጀመሪያ ክራንቼን፣ ቀጥላ ሆዴን አየች።

«ባል አለሽ?» አለችኝ በሶማሊኛ።

«አለኝ።»

«እሱስ እግር አለው?»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። «ሁለት አለው፤ ለሁለታችንም ይበቃል» አልኋት። ይህን ጊዜ ደግሞ በእሷ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ክራንቹን አስቀምጪና ሚዛኑ ላይ ውጪ አለችኝ። ያለ ክራንች አልቆምም። «ከነክራንቹ መዝኚኝና ክራንቹን ለብቻው መዝነሽ ቀንሺው» አልኋት። ጊዜ የለኝም ብላ በዓይኗ መዘነችኝና ስልሳ ኪሎ ጻፈች። የመመርመሪያው አልጋ ከወገቤ በላይ ነበር፤ መወጣጫ የለውም፤ የሚደግፈኝም ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ወንበር ላይ እንደተቀመጥሁ በቀሚሴ ላይ ሆዴን ዳበስ አድርጋ «ደህና ነው» አለች። የእርግዝና መከታተያውን ካርኔ ስትሰጠኝ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቁ አንድ የፈረንሳይኛ ቃል ጽፋበት ነበር፤ አንዲካፔ፣ አካል ጉዳተኛ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሄድሁበት ሁሉ ሐኪሙ ካርኔውን ይገልጣል፣ ያችን ቃል ያነባል፣ ይዘጋዋል። ከእሷ በታች የተጻፈውን ያነበበ አላጋጠመኝም።

ሰባተኛው ወር ሲገባ ግራ ባቴን ይጨመድደኝ ጀመር። ሕመሙ ስሰፋ ቀኑን ሙሉ የተቀመጥሁበት መስሎኝ ዝም አልሁት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ብረቴን ላስር ስል ማሰሪያው አልደርስ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ እግሬ ወፍሯል።

አልዋሽም፤ ለጥቂት ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሁለቱን እግሮቼን ጎን ለጎን ዘርግቼ አየኋቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል መስለው ነበር። ጎረቤቴ ሐሊማ ገብተው አዩኝ። ሐሊማ ባላቸው የሞተባቸው የሶማሌ እናት ናቸው፤ ኤዶ፣ አክስቴ እንደማለት፣ ብዬ ነው የምጠራቸው፤ እሳቸውም እኔን አባዮ፣ እህቴ እንደማለት፣ ይሉኛል። እጃቸውን አጨብጭበው፣

«ማሻላህ! አባዮ፣ ልጁ ለእግርሽም ሥጋ ይዞ መጣ!» አሉ።

ሳቅንና እጄን ባቴ ላይ አሳረፍሁ። ሳቄ እዚያው ቆመ። እግሬ ትኩስ ነበር።

«ኤዶ፣ እስቲ ንኩት» አልኋቸው። ነኩት። «እና ምን ሆነ? የሰው ገላ እኮ ነው፣ ይሞቃል» አሉኝ። የሌላ ሰው እግር ይሞቃል። የእኔ ግን ሞቆ አያውቅም።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። እርጉዝ ሁሉ እግሩ ያብጣል፤ ከፍ አድርገሽ ተኚ ተባልሁ። «ቀኙ እኮ አላበጠም» ስል ነርሷ፣ «ግራው በሽተኛ ስለሆነ ነው» አለችኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ሕመሙ ወደ ጭኔ ሲወጣ ደረጀ በስልክ «የግል ክሊኒክ ሂጂ፣ ስለ ገንዘቡ አታስቢ» አለኝና ሄድሁ። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። እዚያ ያገኘሁት ሐኪም ሰላምታው ጥሩ ነበር፤ ወንበርም አቀረበልኝ። ነገር ግን እግሬን ሳይገልጥ፣ ክራንቹ ጡንቻሽን አድክሞት ነው ብሎ ቅባት አዘዘልኝና ጠዋትና ማታ በደንብ አድርገሽ እሺው አለኝ።

ሐሊማ በቅባቱ ላይ የሰሊጥ ዘይት ጨምረው አንድ ቀን ሙሉ አሹኝ። ከፍቅራቸው የተነሣ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ሕመሙን አልቻልሁትምና ይብቃኝ አልኋቸው። እንዲህ ያለውን እብጠት ማሸት ሊገድለኝ ይችል እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው። አንዱ እግራችሁ ብቻ ድንገት አብጦ ከሞቀና ካመማችሁ፣ እርጉዝም ከሆናችሁ፣ በፍጹም አታሳሹት። ከጻፍሁት ሁሉ ሌላው ቢረሳ ይህ አይረሳ።

ያን ሰሞን ከደረጀ ጋር ተጣላን። ሰመራ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ጋራዥ ሆኖ ይደውልልኛል።

«መሲ፣ ድሬ እናትሽ ጋ ሂጂ። እዚያ ቢያንስ የሚያነሳሽ ሰው አለ።»

«በዚህ እግር ባቡርና መኪና ላይ ስንገላታ?»

ቀጥሎ የተናገረው ግን ከእሱ አፍ የወጣ አይመስልም ነበር። «እማዬም ትላለች… ልጁ ሲወለድ እሷ ዘንድ ይደግ። አንቺ እንዴት ብለሽ…»

«እንዴት ብዬ ምን?»

«መሲ…»

«ደረጀ፣ አንተ የለበስከውን ሱሪ የሰፋሁት በምኔ ነው? በእናትህ እጅ ነው?» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ደሬ እያልሁ እንጂ ደረጀ ብዬ ጠርቼው አላውቅም ነበር። አለቀስሁ። ለቅሶው ሲያልቅልኝ ግን ቁጭ ብዬ አሰብሁ። ሰው ሁሉ እግሬን እንደማውቀው አያውቀውም፤ ስለዚህ ማስረጃ ያስፈልገኛል።

ሱሪዬን የምሰፋው ራሴ ስለሆንሁ የእግሮቼን ልክ በቃሌ አውቀዋለሁ። ግራ ባቴ ሃያ አራት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀኙ ሠላሳ አምስት። ለዓመታት የሱሪዬን ሁለት እግሮች በዚሁ ልክ ነው የቆረጥኋቸው። ሜትሬን ከአንገቴ ላይ አወረድሁና ለካሁ። ግራው ሠላሳ አራት ሆኗል። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር ላይ አንድ ገጽ ለራሴ ከፈትሁ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ከጉልበቴ በታች አንድ ጣት በሚሆነው በዚያው ቦታ ላይ እየለካሁ ጻፍሁ። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ አምስት ተኩል። ሠላሳ ሰባት። ቀኙ ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ቀን ጨርቅ እየቆረጥሁ ሳለ ትንፋሽ አጠረኝ። ቆሜ እንኳ አልነበረም፤ ተቀምጬ ነው። በረጅሙ ስስብ ጎኔን ይወጋኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ቋንቋው ነበር። ሶማሊኛ ድሬዳዋ እያለሁ ነው የለመድሁት፤ ሐኪሞቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ፈረንሳይኛ ግን ከሰላምታ በላይ አልችለውም። ጓደኛዬ ብርቱካን ሄሮን ሰፈር አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ናት። ስድስት ዓመት የማዳሟን ልጆች ስታሳድግ ፈረንሳይኛውን ከልጆቹ ጋር እኩል ተምራዋለች። ደወልሁላት። ትንፋሼን ሰምታ፣

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለች።

«ማዳም ትፈቅድልሻለች?»

«ካልፈቀደች ልጆቿን ራሷ ቁርስ ታበላቸዋለች።»

መጣች። ታክሲ ይዘን ወደ ትልቁ የወሊድ ሐኪም ቤት ሄድን። መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ አግዳሚዎቹ ሞልተው ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ብርቱካን በሦስት ቋንቋ ለምና አንዲት ወጣት አስነሳችልኝ። ክራንቼ የሚያልፈውን ሁሉ ያደናቅፍ ስለነበር በጉልበቶቼ መካከል አቅፌው ተቀመጥሁ። ሦስት ሰዓት ያህል ጠብቀን ተራችን ደረሰ። ሐኪሙ ካርኔውን ገለጠ፣ ያችን ቃል አነበበ፣ ለብርቱካን ጥቂት ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?»

«ፖሊዮው ነው ይላል። ትንፋሹም ልጁ ወደ ላይ ገፍቶሽ ነው ይላል። ዘጠኝ ወርሽ ሲደርስ በኦፕራሲዮን ያወልዱሻል፤ አታስቢ ይላል።»

«እግሬን ይይልኝ በይው።»

ተናገረች። ሰዓቱን አየ። ቀጣዩን ስም ጠራ።

እኔ አልተነሣሁም። «ብርቱካን፣ ቃል በቃል ንገሪልኝ። ዶክተር፣ ፖሊዮ ከያዘኝ ሠላሳ ዓመቴ ነው። እግሬ ያበጠው በዘጠኝ ቀን ውስጥ ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ በሽታ ሊሆኑ አይችሉም።»

ብርቱካን ነገረችው። ደብተሬንም ዘረጋሁለት፤ በእጁ ጀርባ ወደ እኔ ገፋው። የተጠራችው ሴት ልጇን አዝላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷን ማስጠበቅ አልሆነልኝም፤ ተነሥቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ አሥር እርምጃ ያህል እንደሄድሁ ግን ትንፋሼ ተቆረጠ። ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ብርቱካን «እንሂድ፣ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን» ስትለኝ፣

«አልሄድም። የማያዩኝ ከሆነ እየረገጡኝ ይለፉ» አልኋት።

እየረገጠኝ ያለፈ የለም፤ ብዙዎች ግን በላዬ ተሻግረው አለፉ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ቆመች። ነጭ ጋወን የለበሰች፣ ፊቷ ላይ ቀጭን የአፋር ንቅሳት ያላት፣ በእድሜዬ የምትሆን አዋላጅ ናት። ስሟ ካዲጋ እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት። የያዘችውን ትሪ መሬት ላይ አስቀምጣ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ምን ሆነሻል?» አለችኝ በሶማሊኛ።

«ይህ እግሬ ቀዝቃዛ ነበር። አሁን ይሞቃል።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስባ የእጇን ጀርባ በቀኙ ላይ፣ ከዚያ በግራው ላይ አሳረፈች። እንደገና በቀኙ፣ እንደገና በግራው። ከዘጠኝ ቀን ወዲህ ሁለቱንም እግሮቼን የነካች የሕክምና ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ደብተሩን ሰጠኋት። ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ እየሳበች ወረደች።

«ይህን ማን ለካው?»

«እኔ። ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ትንፋሽሽስ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት።»

ተነሥታ ጮኸች። ምን እንዳለች አልገባኝም፤ ሰዎች ግን ሮጡ። ጎማው የተነፈሰ ተሽከርካሪ ወንበር መጣ። ራሷ ገፋችኝ። አንዲት ሴት ሐኪም ጭኔ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ከብሽሽቴ ጀምሮ ወደ ታች እያሄደች አየች። ከዚያ ማሳያውን ወደ እኔ አዙራ ለብርቱካን ቀስ እያለች አስረዳቻት። በእግሬ ትልቁ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቷል፤ ልክ እንደተደፈነ ቱቦ ከብሽሽት እስከ ጉልበት ዘግቶታል። እርጉዝ ሴት ላይ ደም ቶሎ ይረጋል፤ እንደ እኔ እግሩ የማይንቀሳቀስ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ከረጋው ደም ቁራጭ ተነሥቶ ወደ ሳንባዬ ሳይሄድ አልቀረም፤ ትንፋሼን የቆረጠው እሱ ነው። ሌላ ትልቅ ቁራጭ ቢከተል ኖሮ…

ብርቱካን እዚያ ላይ መተርጎሟን አቆመች።

«ጨርሺው» አልኋት።

«አትጠይቂኝ። ደርሰሻል ትላለች። በጊዜው ደርሰሻል።»

ያኔውኑ አስተኙኝ። ኦክስጅን አደረጉልኝ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሆዴ ላይ ወጉኝ። የልጁን የልብ ምት ሲያሰሙኝ ፈጣንና ደልዳላ ነበር። ያን ድምፅ ስሰማ ነው እስከዚያ ሰዓት ይዤው የነበረውን እንባ የለቀቅሁት።

በሕክምናው በኩል ከዚያ ወዲህ የጎደለብኝ ነገር አልነበረም። የቀረው ትግሌ ከአልጋና ከመጸዳጃ ቤት ጋር ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ በገባች ቁጥር ክራንቼን አንሥታ ክፍሉ ዳር ታቆመዋለች። ለእሷ መንገድ የዘጋ ብረት ነው፤ ለእኔ ግን እግሬ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ እኔ ቁጢጥ አልልም። ፖፖ ተጠቀሚ አሉኝ፤ ፖፖ የሚያመጣ ሰው ግን በጠራሁት ጊዜ አይመጣም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ፣ ሙቀቱ እንደ እሳት ሲሆን፣ አልጋዬ ላይ ሸናሁ። ጎልማሳ ሴት ነኝ፤ ቤት የማስተዳድር፣ ሙያ ያለኝ። ያን ዕለት የተሰማኝን ሕመሙ እንኳ አላሰማኝም።

ካዲጋ መጥታ አንሶላውን ስትቀይር «ሁለተኛ እንዲህ እንዳልሆን ምን ምን እንደሚያስፈልገኝ ልንገርሽ?» አልኋት። «ንገሪኝ» አለች። ክራንቼ በነጠላዬ ጥለት ከአልጋዬ ራስጌ ይታሰር፤ ማንም አይፍታው። መጸዳጃው ላይ የሚቀመጥ፣ መሐሉ የተቀደደ ወንበር ይፈለግልኝ። አልጋው ላይ የምወጣበት መወጣጫ ይምጣልኝ። ጥለቱን እሷው አሰረችው። ወንበሩን ሐሊማ ከሟች እናታቸው ዕቃ ውስጥ አውጥተው፣ በጭንቅላታቸው ተሸክመው፣ በሚኒባስ አመጡልኝ። ዘበኛው አይገባም ሲላቸው በሩ ላይ ተቀመጡበት አሉ፤ እስኪያስገባቸው።

ደረጀ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። መኪናውን ከከተማ ውጭ ጋራዥ አቁሞ፣ አቧራውን ሳያራግፍ መጣ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያበጠውን እግሬን አየ፤ ከዚያ አቀርቅሮ፣

«እማዬን ነግሬያታለሁ» አለ። «ልጁ ከእናቱ ጋር ነው የሚያድገው ብያታለሁ። በስልክ ያልሁሽን ደግሞ… አፌን በቆረጠው ኖሮ።»

«አፍህን አትቁረጠው። መወጣጫ ሥራልኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። በማግሥቱ ወደቡ ላይ ዕቃ ከሚጫንበት የእንጨት ርብራብ ነቅሎ ባለ ሁለት ደረጃ መወጣጫ ሠርቶ መጣ። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሶታል። እኔ ከመውጣቴ በፊት ከጎኔ የተኛችው አጭር ሴት ወጣችበት። ቀጥላ መንታ የያዘችው። ለእኔ ተብሎ የተሠራው ዕቃ ለክፍሉ ሁሉ ሆነ፤ ያን ቀን መወጣጫ የቸገረው ሰው እኔ ብቻ እንዳልነበርሁ አየሁ።

በአሥራ ሁለት ቀን እብጠቱ ጎደለ፣ ትንፋሼ ተመለሰ። መርፌውን ግን እስክወልድ፣ ከዚያም በኋላ እስከ ሁለት ወር ድረስ በየቀኑ ሁለት ጊዜ መወጋት ነበረብኝ። ካዲጋ «በየቀኑ እየተመላለስሽ አትችይውም፤ ራስሽ ውጊ» አለችኝ። ሆዴን ቆንጥጬ፣ መርፌውን ቀጥ አድርጌ ማስገባት አስተማረችኝ። መርፌ በመያዝ ማን ይበልጠኛል? መድኃኒቱ ሙቀት ስለሚያበላሸውና እኔ ማቀዝቀዣ ስለሌለኝ ሐሊማ በእሳቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ለቀቁልኝ። ዓሣውን ከሥር፣ መርፌዬን ከላይ። የልጅ ልጆቻቸው እንዳይነኩት «የአባዮ ነው፤ የነካ ወዮለት» ብለው ነበር።

የመውለጃዬ ጊዜ ሲቃረብ እንደገና ስለ ኦፕራሲዮን ተነሣ። ይህን ጊዜ ግን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። «በኦፕራሲዮን የምወልደው ለምንድን ነው? ለእኔና ለልጁ የሚሻል ከሆነ እሺ። እግሬ ቀጭን ስለሆነ ብቻ ከሆነ ግን አልስማማም።» ያች በአልትራሳውንድ ያየችኝ ሐኪም ሳቀችና መወጣጫው ላይ ወጥቼ እንድተኛ አደረገችኝ። ዳሌዬን በደንብ መረመረች። ዳሌዬ ትንሽ ዘንበል ያለ ነው፤ ነገር ግን በቂ ነው አለች። ደሜ በመድኃኒት በቀጠነበት ጊዜ ቢላዋ ባይነካኝ ይመረጣል፤ በምጥ እንሞክር፤ ካልሆነ ኦፕራሲዮኑ ዝግጁ ነው አለች። እንደዚህ በግልጽ ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

መርፌውን አንድ ቀን ሙሉ አቁመው ምጡን በመድኃኒት አስጀመሩልኝ። የሚወለድበት አልጋ ላይ እግር መስቀያ አለ። ግራ እግሬ ግን መስቀያው ላይ አይረጋም፤ ይወድቃል፤ በወደቀ ቁጥር ወገቤን ይቀደዋል። ሌላዋ አዋላጅ በማሰሪያ እንሰረው አለች።

«አይታሰርም» አልሁ፣ በሁለት ምጥ መካከል። «በጎኔ ልተኛ። እግሬን ሰው ይያዝልኝ።»

ካዲጋ አልተከራከረችም። በቀኝ ጎኔ አስተኛችኝ፤ ግራ እግሬን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ በየምጡ ተሸከመችው። ላቧ በባቴ ላይ ይወርድ ነበር። ደክሞኝ አልችልም ስላት፣ «እኔ እግርሽን ይዤልሻለሁ፤ አንቺ የቀረውን ግፊ» አለችኝ። ገፋሁ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ልጄ ወጣች፤ ሴት ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ሊሞላት ጥቂት የቀራት። እንዴት እንደጮኸች! ደረጀ በሩ ውጭ ሆኖ ሰምቶ እሱም ጮኸ፤ ዘበኛው ተቆጣው።

ስሟን ሊዲያ አልናት።

አሁን ዘጠኝ ወሯ ነው። መርፌውን ጨርሻለሁ። ግራ እግሬ ቀጠነ፤ ነገር ግን ፈጽሞ እንደ ድሮው አልሆነም። ሲመሽ ትንሽ ያብጣል፤ የሚያጣብቅ ረጅም ካልሲ አደርግበታለሁ፤ ብዙ ሰዓት ሳልነሣ አልሰፋም። ዳግም ባረግዝ መርፌውን ከመጀመሪያው ሳምንት መጀመር እንዳለብኝ ሐኪሟ ነግራኛለች። ብረቴን መልሼ ማሰር የቻልሁ ቀን ሐሊማ እልል አሉ። የደረጀ እናትም መጥተው አንድ ወር አርሰውኝ ሄዱ። ሲሄዱ ልጅቷን ሳይሆን እኔን ነው አቅፈው ያለቀሱት። ያለፈውን አልተነጋገርንበትም፤ እንዲያ ይሻላል።

ባለፈው ወር ካዲጋ ደወለችልኝ። ዋራበሌ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት የአገሬ ልጅ አለች፤ በመኪና አደጋ አንድ እግሯን ያጣች፤ የአምስት ወር እርጉዝ ናት፤ ክትትል ግን አልጀመረችም። «እኔ ሄጄ አነጋገርኋት፤ አልሰማ አለችኝ። አንቺን ትሰማ ይሆናል» አለችኝ። ሊዲያን አዝዬ በሚኒባስ ሄድሁ። ሴትዮዋ ቆርቆሮ ቤቷ ደጃፍ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ስለ ረጋው ደም ነገርኋት፣ አልጋው ከፍ እንደሚል ነገርኋት፣ ካዲጋ እንዴት ያለች ሰው እንደሆነች ነገርኋት። ሰማችኝ። ዓይኗ ግን ጀርባዬ ላይ ካለችው ልጅ አልተነቀለም።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ጠይቂኝ።»

«ስታለቅስ ቶሎ ትደርሺላታለሽ?»

ሐኪም ቤት እንዳትሄድ የያዛት ይኸው ፍርሃት ነበር። እኔም ብዙ ቀን ያንኑ እየጠየቅሁ ነው ያረገዝሁት። ማስመሰል አልፈለግሁም።

«ቶሎ አልደርስላትም» አልኋት። «ሌላ ሴት ሦስት ጊዜ በምትራመድበት እኔ አንድ ጊዜ ነው የምራመደው። ግን ታውቂያለሽ? ገና ሳልደርስ ዝም ትላለች። የክራንቼን ኮቴ ስትሰማ ‹መጣች› ብላ ትጠብቀኛለች። ልጄ ሌላ እናት አታውቅም፤ እናት የምትመጣው እንዲህ እየተራመደች ነው ብላ ነው የምታስበው።»

ሴትዮዋ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከጎኗ የወደቀውን ክራንች አነሣችና ጭኗ ላይ አጋደመችው።

«ያች አዋላጅ ነገ ትኖራለች?» አለችኝ።

«ትኖራለች።»

«በስንት ሰዓት እንሂድ?»